በ99 ዶላር ያልተገደበ ሲኢዩ፦ ገዝቼ ያየሁትን ልንገራችሁ

የሶሻል ወርክ ላይሰንሴ ሊታደስ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ነው ቁጭ ብዬ የቆጠርኩት። 36 ሰአት ተከታታይ የሙያ ትምህርት (ሲኢዩ የምንለው) ይፈለግብኛል፣ ፎልደሬ ውስጥ ያለው ሰርተፊኬት ሁሉ ተደምሮ 11። እናቴ ከአዲስ አበባ ለጉልበቷ ህክምና መጥታ ስምንት ወር እኔ ጋ ነበረች፣ ከስራ በኋላ ያለችኝ ሰአት በሙሉ ፊዚዮቴራፒ ማመላለስና ቡና ማፍላት ነበር፣ ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው በቃ። ግን እንደኔ የተጨናነቀ ሰው ነው የነዚህ ሲኢዩ በኦንላይን የሚሸጡ ዌብሳይቶች ገበያ፣ እኔም ከሌሊቱ 6 ሰአት ሶፋ ላይ ተጋድሜ ካርዴን አውጥቼ ገዛሁ። 99 ዶላር፣ አንድ አመት ሙሉ የፈለግሽውን ያህል ኮርስ ውሰጂ ነው የሚለው።

የድርጅቱን ስም አልጽፍም። አንደኛ ክስ ውስጥ መግባት አልፈልግም፣ ሁለተኛ ደሞ አንዱን ብጠራው ሌሎቹ ጻድቅ ሊመስሉ ነው፣ በዚህ ዋጋ የሚሸጡትን ያየ ሰው አብዛኞቹ አንድ እናት የወለደቻቸው እንደሚመስሉ ያውቃል።

ለማታውቁት፣ እኔ ካሊፎርኒያ ነው የምሰራው፣ ኤልሲኤስደብልዩ ነኝ፣ ማለት ላይሰንስ ያላት ክሊኒካል ሶሻል ወርከር። እኛን ሶሻል ወርከሮቹን፣ የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒስቶቹን፣ ካውንስለሮቹን የሚቆጣጠረው የካሊፎርኒያው ቢቢኤስ የሚባለው ቦርድ ነው፣ በየሁለት አመቱ 36 ሰአት ትምህርት ወስደናል ብለን ፈርመን እንልካለን፣ ከዛ ውስጥ 6ቱ የግድ ህግና ስነምግባር መሆን አለበት። በላዩ ላይ አንዴ ብቻ የሚወሰዱ አሉ፣ ራስን የማጥፋት አደጋ ምዘና 6 ሰአት (እ.ኤ.አ ከ2021 ጀምሮ)፣ ቴሌሄልዝ፣ ማለት በስልክና በቪዲዮ የሚሰጥ ህክምና፣ 3 ሰአት (ከጁላይ 2023 ጀምሮ)። ስትልኩ ሰርተፊኬት አምጡ የሚላችሁ የለም፣ ግን ቦርዱ በእጣ እያወጣ ኦዲት ያደርጋል፣ ያኔ ወረቀቱ ከሌለ ቅጣት አለ። ስለዚህ ሰርተፊኬት ከእድሳቱ በኋላ ቢያንስ ሁለት አመት አስቀምጡ፣ እኔ እንደውም አልጥልም፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ ከልጆቼ የክትባት ካርድ ጋር ነው ያለው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ሰርተፊኬቱ ፈተናውን ባለፍኩ በሰከንዶች ውስጥ ኢሜይሌ ላይ ነው፣ ስሜ፣ የላይሰንስ ቁጥሬ፣ የኮርሱ ርእስ፣ ቀኑ፣ ሰአቱ፣ የአቅራቢው ቁጥር፣ ፊርማው፣ ምንም አልጎደለም። በስልክ በደንብ ይሰራል። የህግና ስነምግባሩ ኮርስ የምር ጥሩ ነበር፣ ያስተማረችው ራሷ ጠበቃ የሆነች ቴራፒስት ናት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣ ፋይሉን ዝም ብለሽ አትስጪ፣ መጀመሪያ ማን እንደላከው እይ፣ ምስጢር የመጠበቁ መብት የደንበኛው እንጂ ያንቺ አይደለም ብላ በምሳሌ ስታስረዳ ቁጭ ብዬ ማስታወሻ ያዝኩ። ለሱ ብቻ ከሆነ 99 ዶላሩ አይቆጨኝም።

ሌላው ግን…

ራስን የማጥፋት ምዘናውን ግዴታዬን ድሮ ጨርሻለሁ፣ እንደገና የወሰድኩት በስራዬ ላይ አንድ ያሳሰበኝ ጉዳይ ስለነበረ ነው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። ማለት ሰአት ለመሙላት ሳይሆን ለመማር ብዬ የገባሁበት ብቸኛው ኮርስ ይሄ ነበር። ስከፍተው 140 ገጽ ፒዲኤፍ ነው፣ ከ90ኛው ገጽ በኋላ ያለው በሙሉ የመጽሀፍና የጥናት ዝርዝር። ቪዲዮ የለም፣ አንድ ደንበኛና አንድ ቴራፒስት ሲነጋገሩ የሚያሳይ ነገር የለም፣ እንዴት ብለሽ እንደምትጠይቂ፣ ዝም ሲልሽ ምን እንደምታደርጊ የለም። ለምን እንደዚህ እንደሚንዛዛ በኋላ ነው የገባኝ፣ የሚነበብ ኮርስ ሰአቱ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በቃላትና በፈተና ጥያቄ ብዛት ነው፣ ቃል በበዛ ቁጥር ሰአት ይበዛል፣ ሰአት ሲበዛ ሽያጭ ይበዛል። እንጀራ ሳይሆን የሊጥ ውሀ እየሰፈሩ እንደመሸጥ በሉት።

እና ደሞ ፈተናው። ንባቡን ሳልከፍት «ፈተና ጀምር» የሚለው በተን ቁልጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው። ለመሞከር ነካሁት፣ ተከፈተ። 30 ጥያቄ፣ 80 ፐርሰንት ማለፊያ፣ ከወደቅሽ ወዲያው መድገም ይቻላል፣ የተሳሳትሽውን ቀይ አድርጎ ያሳይሻል። በአንድ እጄ ፒዲኤፉ ላይ ቃል እየፈለግኩ በሌላው እየመለስኩ 70 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ስድስት ሰአት የሚል ሰርተፊኬት መጣ። አፈርኩ የምር። ፈርሜ የምልከው እኮ እኔ ነኝ። ሰርተፊኬቱን ለኦዲት አላቀርበውም ብዬ ወሰንኩ፣ በምትኩ ሌላ ቦታ በላይቭ ዙም ወሰድኩ፣ 180 ዶላር አወጣሁ፣ አስተማሪው ሁለት ሁለት አድርጎ ክፍል እየከፈለን ጥያቄውን በአፋችን አስጠየቀን፣ ስንቶቻችን የ15 አመት ልምድ ይዘን ቃሉን ለማውጣት ስንንተባተብ ማየት ነበረባችሁ።

ታዲያ ይሄን ማን ነው የፈቀደው ብዬ ፍለጋ ገባሁ። ድሮ ቦርዱ ራሱ ነበር ለአቅራቢዎች ፒሲኢ የሚባል ቁጥር የሚሰጠው፣ የሚያጸድቀው ግን ድርጅቱን እንጂ እያንዳንዱን ኮርስ አልነበረም። እ.ኤ.አ ከጁላይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ከዛ ስራ ወጣና ማጽደቁን ለሙያ ማህበራት ተወው፣ ኤንኤኤስደብልዩ፣ ኤኤስደብልዩቢ፣ ኤንቢሲሲ፣ ኤፒኤ፣ ካምፍት፣ ናዳክ፣ የካሊፎርኒያው የሳይኮሎጂ ማህበር፣ ከነዚህ አንዱ ያጸደቀው አቅራቢ ቦርዱ ጋ ያልፋል። ስለዚህ አሁን ቦርዱ እኔን ይቆጣጠራል፣ ማህበሩ አቅራቢውን ይቆጣጠራል፣ አቅራቢው ደሞ ኮርሱን፣ ኮርሱን ከጫፍ ጫፍ የሚያነበው ማን እንደሆነ እንጃ። የኔው ድርጅት ገጹ ግርጌ ላይ ሶስት ሎጎ ደርድሯል፣ ውሸት መስሎኝ ኤኤስደብልዩቢ ያጸደቃቸውን አቅራቢዎች ዝርዝር ከፍቼ ፈለግኩት፣ አለ፣ ቀኑም አላለፈበትም። ህጋዊ ነው። ያናደደኝም እሱ ነው፣ አጭበርባሪ ቢሆን ኖሮ እኮ ቀላል ነበር።

ኤኤስደብልዩቢ ማለት ላይሰንስ ለማግኘት የምንቀመጥበትን የክሊኒካል ፈተና የሚያወጣው ማህበር ነው በነገራችን ላይ። እኔን ሁለቴ አስቀምጦ እንቅልፍ ያሳጣኝ ፈተና ላይ መታወቂያ አይቶ፣ ኪስ አስገልብጦ፣ ሰአት አስፈትቶ ነው የሚያስገባው፣ ላይሰንሱን ካገኘሽ በኋላ ግን ፒጃማ ለብሰሽ ሳታነቢ እለፊ።

ሎስ አንጀለስ ያሉ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ከብዙዎቻችን በፊት በዚህ ሙያ የገቡ፣ ደውዬ ሳማርርላቸው ሳቁብኝ። «የኔ ልጅ፣ ፒሲኢ በነበረ ጊዜ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ጠዋት ፈርመን ገብተን ቀኑን ሙሉ ጋዜጣ እናነብ ነበር፣ ማታ ፈርመን እንወጣለን» አሉኝ። እሺ፣ ቢያንስ ቁጭ ብላችሁ ነበር አልኳቸው።

ኒውዮርክ ያለችው ጓደኛዬ ደሞ ሌላ አለም ውስጥ ናት፣ እዛ 36 ሰአቱ በሶስት አመት ነው፣ አቅራቢውን የሚያጸድቀው የስቴቱ ትምህርት መስሪያ ቤት ራሱ ነው፣ የኤኤስደብልዩቢ ማህተም ብቻውን አይሰራላትም፣ ብቻዋን አንብባ የምትወስደው ደሞ ከጠቅላላው ሲሶውን ማለፍ አይችልም። ትንጨረጨራለች፣ ውድ ነው ምርጫ የለም ትላለች። እኔ ግን በዛች የሲሶ ህግ ቀናሁባት።

አሁን ዋናው ብስጭቴ። «ከአፍሪካ ስደተኞች ጋር መስራት» የሚል የ3 ሰአት ኮርስ አለ፣ እንዴት እንደገባሁ አትጠይቁኝ፣ ስለራሳችን ምን ይላሉ ብዬ ነው። ኢትዮጵያ አንድ ስላይድ ደርሷታል። ፎቶው ላይ ያለችው ሴትዮ የለበሰችው የናይጄሪያ ጌሌ ነው፣ ራሷ ላይ ቆንጆ ተቆልሎ። ከስሩ «ኢትዮጵያውያን የአእምሮ ህመምን በሰውነት ህመም ይገልጻሉ» ይልና ያበቃል። በምን ቃል? «ልቤን ይወጋኛል»፣ «ውስጤ ተቃጠለ»፣ «ጭንቅላቴ ከብዶኛል»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ አንዷም የለችም። አንዲት እናት ሆድ ባሰኝ ስትል አስተርጓሚው ሆዷን አመማት ብሎ ቢያስተላልፍ እኮ ቀጥታ የሆድ ኪኒን ነው የሚታዘዝላት።

ጥያቄ 14 ደሞ እንዲህ ይላል፣ ደንበኛዎ ጠበል እየሄደ እንደሆነ ቢነግርዎት ምን ያደርጋሉ፣ ትክክለኛው መልስ ተብሎ የተቀመጠው «ባህሉን በማክበር ርእሱን አያንሱ» ነው። ኧረ በህግ! የመጀመሪያው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ መድሀኒቱን አቁመሃል ወይ የሚለው ነው። ጠበል ሲጀምር ኪኒኑን የሚተው ሰው ስንት አየን፣ እሱን ደሞ በዝምታ ሳይሆን በወሬ ነው የምትፈቺው፣ ንስሀ አባቱ ማን እንደሆኑ ትጠይቂያለሽ፣ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይችል እንደሆነ ከሳቸው ጋር እንዲነጋገር ትነግሪዋለሽ። አቡነ ጳውሎስ በህይወት እያሉ የኤችአይቪ መድሀኒትና ጠበል አብሮ ይወሰዳል ብለው በአደባባይ ተናግረዋል እኮ፣ እንጦጦ ማርያም ጠበል ስንቱ መድሀኒቱን በሚጥልበት ዘመን። ይሄን የሚያውቅ አንድ ሀበሻ ነርስ ቢጠይቁ በአስር ደቂቃ ይነግራቸው ነበር። እኔ «ስለመድሀኒቱ ይጠይቁ» የሚለውን መርጬ ቀይ ሆነብኝ፣ ተሳስተሻል ተባልኩ፣ እኔ!

ቻቱ ላይ ጻፍኩ፣ ሮቦት ነው፣ «ፓስወርድሽን ረሳሽ ወይ» ይላል። ኢሜይል ላክሁ፣ በአራተኛው ቀን «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን»። ከዛ ነው ወደ አጽዳቂው ማህበር በቀጥታ የጻፍኩት፣ ሶስት ነገር ብቻ፣ ፈተናው ሳይነበብ ይከፈታል፣ ጥያቄ 14 ደንበኛ ይጎዳል፣ ስላይዱ ላይ ያለችው ኢትዮጵያዊት አይደለችም፣ ስክሪንሾት አያይዤ። እናንተም ቅሬታ ካላችሁ መንገዱ ይሄ ነው፣ ሰርተፊኬታችሁ ላይ ያለውን የአጽዳቂውን ስም እዩና ለሱ ጻፉ። ከመግዛታችሁ በፊት ደሞ ማስታወቂያቸው ላይ የኮርሱ አላማና ብር የመመለስ ደንባቸው መጻፉን እዩ፣ በካሊፎርኒያ ደንብ መጻፍ ግዴታቸው ነው፣ ከሌለ እዛው ተዉት።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ጉዳዩን ለአቅራቢው አስተላልፈናል የሚል መልስ መጣ። ብሬን ግማሹን መለሱልኝ፣ ሳልጠይቅ።

ከአምስት ኮከብ ሁለት ነው የምሰጠው፣ ሁለቱም የጠበቃዋ ናቸው። ሰአት ጎድሎባችሁ ለህግና ስነምግባሩ ብቻ ከሆነ ግዙት፣ ለደንበኛ ብላችሁ የምትማሩትን ግን ሰው ፊት ሂዱና ተማሩ፣ ውድ ነው አውቃለሁ።

ትናንት አካውንቴ ሳይዘጋ ገብቼ አየሁት። ጌሌ የለበሰችው ሴትዮ ተነስታ በቦታዋ የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ገብቷል። ፈተናው አሁንም ሳይነበብ ይከፈታል፣ ጥያቄ 14 እዛው ነው።