ሼክስፒር ዋላ ወይስ የግሪኩ ተጓዥ ተዋንያን? ዛሬ ማታ የቱን እንይ?

ስለ ተዘዋዋሪ የቲያትር ቡድን ፊልም ካማራችሁ ሁለት ምርጫ ላቅርብ። የጄምስ አይቮሪ «ሼክስፒር ዋላ» (እ.ኤ.አ. 1965) እና የቴዎ አንጌሎፑሎስ «ተጓዥ ተዋንያን» (1975)።

ርዝመት፦ ዋላ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ግሪኩ አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ቡና አፍሉ።

ታሪክ፦ ዋላ ላይ እንግሊዛውያን ተዋንያን ከነፃነት በኋላ ሕንድን ይዞራሉ። የተመልካቹ ልብ ግን ወደ ቦምቤይ ፊልም ሸፍቷል። በሼክስፒር ተውኔት ኦቴሎ ሚስቱን ዴዝዴሞናን ሊገድል ሲል አንዲት የፊልም ኮከብ ዘግይታ ትገባለች፤ አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ወደ እሷ ያዞራል። መድረክ ላይ ያሉት ምን ይሁኑ? ኮከቧን የሠራችው ማዱር ጃፍሪ በርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸልማበታለች፤ ሲያንሳት ነው።

ግሪኮቹ በገዛ አገራቸው ነው የሚንከራተቱት፣ ከ1939 እስከ 1952። ጦርነት፣ ወረራ፣ የእርስ በርስ ውጊያ። ረሃብ ሲጠና በረዶ ላይ አንዲት ዶሮ ይከባሉ። ያቺን ዶሮ አልረሳትም።

ችግሩ፦ ዋላ አንዳንዴ ይንቀራፈፋል። ግሪኩ ሳያስጠነቅቅ ዘመን ይዘላል፤ የግሪክን ታሪክ ትንሽ ሳታነቡ ከገባችሁ ትጠፋላችሁ።

ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁ ዋላ። ብቻችሁን ከሆናችሁና ነገ ሥራ ከሌለ፣ ስልክ ዘግታችሁ ግሪኩን።