ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ለምትከፍቱ፦ ስለ አንዲት አካውንታንት ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። ባልትና ቤት፣ ካፌ ወይም ምግብ ቤት ልትከፍቱ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ ለማንም ገንዘብ እንዳትከፍሉ። የሱቃችንን የሴልስ ታክስ (ከገዢ ተሰብስቦ ለስቴቱ የሚከፈል የሽያጭ ታክስ) ምዝገባ ከሥሩ ያስተካከለችልንን እህታችንን በአደባባይ አለማመስገን ነውር ነው። እግዜር ይስጥልን፣ እጅሽ ይባረክ።

መጀመሪያ ምሬቱ ይውጣ። ስም አልጠራም፣ ግን "ሁሉንም እኛ እንጨርስላችኋለን" የሚሉት ሰዎች ለኢአይኤን (የድርጅት የታክስ መለያ) ቁጥር ብቻ ገንዘብ ይቀበላሉ። ቁጥሩን የፌደራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ የሚሰጠው በነጻ ነው። የቨርጂኒያ ታክስ መሥሪያ ቤት የሴልስ ታክስ ምዝገባም ነጻ ነው፤ በኢንተርኔት ተሞልቶ ያልቃል። የሚከፈልበት ኤልኤልሲው፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ማቋቋሙ ነው፤ ሲቋቋም 100 ዶላር፣ ከዚያ በየዓመቱ 50። ይባስ ብሎ ኤልኤልሲው እንደወጣ "በቃ፣ ሽጡ" ብለው ይሸኟችኋል። በቃ አይደለም! ኤልኤልሲ ያለው ሰው ታክስ ለመሰብሰብ ተመዘገበ ማለት አይደለም። ያለ ምዝገባ የተሸጠው ሁሉ ቆይቶ ከነቅጣቱ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ደንበኛውን ጠርታችሁ ታክሱን አምጣ አትሉትም።

እሷ ግን ፎርም ከመክፈቷ በፊት የሱቁን አድራሻ የካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ካርታ ላይ አስገብታ አየች። ምን ይሁን ብላ ነው? በዚህ አካባቢ የፖስታ አድራሻ ሰው ያሳስታል። ቤይሊስ ክሮስሮድስ ያለ ሱቅ ደብዳቤው ላይ "ፎልስ ቸርች 22041" ይላል፤ ቦታው ግን ፎልስ ቸርች ሲቲ ሳይሆን ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። "አሌክሳንድሪያ" የሚል አድራሻ ይዘው ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ የሚገኙ ሱቆችም ሞልተዋል። እኛ ጋ ከሚሰበሰበው 6 ፐርሰንት ውስጥ 1ዱ የአካባቢው አስተዳደር ድርሻ ስለሆነ ምዝገባው ላይ ትክክለኛው ኮድ መግባት አለበት፤ ለፌርፋክስ ካውንቲ 51059፣ ለፎልስ ቸርች ሲቲ 51610። ይሄ ሲሳሳት ገንዘቡ ለማይገባው ይሄዳል፣ የምግብ ታክሱም አብሮ ይሳሳታል። ቀድሞ የተሞላልን ወረቀት ላይ የነበረው የሲቲው ኮድ ነበር፤ በአንድ እይታ ነው የያዘችው።

የምግብ ታክሱን ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። ተዘጋጅቶ በሚሸጥ ምግብና መጠጥ ላይ ከሴልስ ታክሱ በላይ የሚጨመር ነው፤ የሚከፈለውም ለስቴቱ ሳይሆን ለካውንቲው ወይም ለሲቲው ነው፣ ምዝገባውም ለብቻው። አርሊንግተን 4 ፐርሰንት፣ አሌክሳንድሪያ ሲቲ 5፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ 4። ሁለቱንም ደምሮ ለስቴቱ የሚልክ ሰው ካውንቲው ዘንድ እንዳልከፈለ ይቆጠራል።

ከሁሉ የበለጠ የማልረሳላት ግን ከካሽ ሬጂስተሩ ጀርባ ቆማ መደርደሪያውን ዕቃ በዕቃ ያስተካከለችው ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የታሸገ እንጀራ፣ ጥሬ ቡና 1 ፐርሰንት። ጀበና፣ ሲኒ፣ ዕጣን፣ ሻማ 6። እዚያው ተፈልቶ የሚቀርብ ቡናና ፍርፍር 6 ሲደመር የካውንቲው 4። ያው ቡና ጥሬውን ሲሸጥ 1፣ ሲፈላ 10 ማለት ነው! በሁሉም ላይ 6 የሚያስከፍል ባልትና ቤት ደንበኛውን እየበደለ ነው፤ በሁሉም ላይ 1 የሚያስከፍል ደግሞ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል። ምግብ ቤቶች ልብ በሉ፦ ከጠቅላላ ሽያጫችሁ ከ80 ፐርሰንት በላዩ እዚያው አዘጋጅታችሁ የምትሸጡት ምግብ ከሆነ የ1 ፐርሰንቱ ነገር እናንተን አይመለከትም፣ የታሸገ እንጀራችሁም በሙሉ ዋጋው ነው የሚታክሰው።

አገር ቤት ቫት የለመደ ሰው እዚህ ግር ይለዋል። ለዕቃ ግዢ የከፈልነውን ታክስ ከሰበሰብነው ላይ አናቀናንስም። መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ዕቃ ከመጀመሪያው ያለ ታክስ ይገዛል፤ ለአከፋፋዩ ኤስቲ-10 የሚባለውን ወረቀት ሞልታችሁ ትሰጣላችሁ። ለራሳችሁ ለምትገለገሉበት ምድጃ፣ ወንበር፣ መጥረጊያ ግን አይሆንም፤ ኦዲት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

የአንድ ወር ሽያጭ ታክስ ፋይል የሚደረገውና የሚከፈለው እስከ ቀጣዩ ወር 20ኛ ቀን ነው። ምንም ባትሸጡም ዜሮ ብላችሁ ፋይል አድርጉ፤ ዜሮ ሆኖ ቢዘገይ እንኳ ቅጣቱ ከ10 ዶላር አያንስም። ታክስ ካለ በየወሩ 6 ፐርሰንት እየተጨመረ እስከ 30 ይደርሳል። ወለዱ እንዴት እንደሚሰላ አይግባኝም፣ እሱን ለእሷ ትቼዋለሁ። የታክሱን ገንዘብ ለብቻው የባንክ አካውንት ከፍታችሁ አስቀምጡ ትላለች፤ የሰበሰባችሁት የመንግሥት ነውና ኤልኤልሲ አለኝ ብላችሁ አትከለሉበትም። እንደ ዶርዳሽና ኡበር ኢትስ ባሉ ምግብ አድራሽ ድርጅቶች በኩል የተሸጠው ላይ ደግሞ የስቴቱን ሴልስ ታክስ ድርጅቱ ራሱ ስለሚከፍል ሁለተኛ እንዳትከፍሉ አስለዩት።

የሚሠራ ምግብ ቤት ልትገዙ ከሆነማ ቼክ ከመጻፋችሁ በፊት ሂዱላት። የሻጩ የሴልስ ታክስ ቁጥር ለገዢ አይተላለፍም፣ አዲስ ታወጣላችሁ። ዕዳው ግን ይተላለፋል። ሻጩ ታክሱን ከፍሎ መጨረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ከመሥሪያ ቤቱ እስኪያመጣ ከዋጋው ላይ ገንዘብ ካልያዛችሁ እናንተ ትጠየቃላችሁ። ይህን የሚናገር ደላላ አልገጠመኝም።

ደግሜ እላለሁ፣ እሷ ጋ ሂዱ። ያልገባችሁን አሥር ጊዜ ብትጠይቋት አይሰለቻትም፣ በነጻ የሚሠራውን ደግሞ "ይሄ አያስከፍልም፣ ራሳችሁ ሙሉት" ብላ ትመልሳችኋለች። ስልኳን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ስትሄዱ የኢአይኤን ደብዳቤውን፣ የኤልኤልሲ ወረቀቱን፣ የሱቁን የኪራይ ውልና ሽያጭ የምትጀምሩበትን ቀን ያዙ። ከወሩ 15 እስከ 20 ባለው ግን አትሂዱ፤ የሁሉም ሰው ፋይል እሷ ጋ ስለሚከማች ስልክም አታነሳም።