ዶሮዎቼን ለገና ያደረሰችልኝን ልጅ ላመስግን (ደብረ ብርሃንና አካባቢው የስጋ ዶሮ የምታረቡ አንብቡት)

ሰላም ወገኖቼ፣ ይሄን ጽሁፍ ከገና ማግስት ጀምሮ ዛሬ ነገ ስል ነው የከረምኩት፣ አሁን መብራት ስለጠፋና ሌላ ስራ ስለማይሰራ ባትሪዬ ሳያልቅ ልጻፈው። ምስጋናም ጥቆማም ነው። የማመሰግናት ልጅ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፣ ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳይጽፉ ብላ ስላስማለችኝ ልጅቷ እያልኩ እቀጥላለሁ፣ እሷም እኔን እትዬ ነው የምትለኝ።

ጓሮ ያለችውን የማገዶ ቤት አጸዳድቼ 100 የስጋ ጫጩት፣ ኮብ 500 የሚሉትን፣ ከቢሾፍቱ አስመጣሁ። ሂሳቤ ቀላል ነበር። የነቢያት ጾም ህዳር 15 ይገባል፣ ዶሮው በ45 ቀን ይደርሳል ተብያለሁ፣ እንግዲህ ጾሙ ሲገባ ጫጩት ላስገባ ጾሙ ሲፈታ ስጋ ልሽጥ ነው። ደብተር ላይ ሲጻፍ እንዴት ያምራል መሰላችሁ! የረሳሁት ነገር ቢኖር ህዳር እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ነው፣ ጠዋት ስትነሱ ሳሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ እስኪመስል ውርጭ ይጥላል፣ እኔ በሁለት ጋቢ የማልሞቀውን ብርድ የአንድ ቀን ጫጩት በምን ትችለዋለች። የመጀመሪያው ሳምንት 32 ዲግሪ ምናምን ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ከዛ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነሱ ነው፣ ይሄን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ምን አደረግኩ፣ መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠረቀምኩት፣ የበሩን ስር በጨርቅ ወተፍኩት፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰል አቀጣጥዬ አስገባለሁ። ኩራቴ! ቤቱ ሲሞቅ እናት ዶሮ የሆንኩ ነበር የመሰለኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት 4 ሞቱ፣ እሱ ያለ ነው አሉኝ። ሶስተኛው ሳምንት ላይ ግን ሌላ ነገር መጣ። ትልልቆቹ፣ ያውም በልተው የጠገቡት፣ ጥግ ይዘው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፣ ኩክኒያቸው ጠቆር ሰማያዊ ይላል፣ ሆዳቸው ደግሞ ሲነኩት እንደ ውሃ ፊኛ ነው። ጠዋት ስገባ አንዱ በጀርባው ተንጋሎ አገኘዋለሁ። ፈንግል ነው ብዬ አለቀስኩ። አንድ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ጋ ሄጄ ብነግረው ዶሮዎቹን ሳያይ ሶስት አይነት ዱቄት በፌስታል አስይዞ ሸኘኝ፣ በውሃ በጥብጬ ሰጠሁ፣ ሞቱ ግን ቀጠለ፣ 11 ደረሰ።

በዚህ መሃል ነው የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን የሰጠችኝ። በ24ኛው ቀን መጣች። (ሶስት ሰዓት እመጣለሁ ብላ ስድስት ሰዓት ነው የመጣችው፣ ይሄንንም ልናገር፣ ሰዓት ላይ ችግር አለባት።) በሩን ገና ስከፍተው ፊቷን አዞረች፣ ሽታው አይን ያቃጥላል፣ እኔ ለምጄው አይታወቀኝም። «እትዬ፣ እነዚህን ዶሮዎች እኮ አፍነው ሊፈጇቸው ነው» አለችኝ። አሁን ስጽፈው ይቀለኛል እንጂ ያኔ ተቀይሜያታለሁ።

ከዛ የዛን ጠዋት የሞተውን አስመጣችኝ። የአተላ ባልዲዬ ክዳን ላይ ጋዜጣ አንጥፋ፣ ጓንት አጥልቃ፣ በምላጭ ሆዱን ስትከፍተው ቢጫ ውሃ ግልብጥ አለ፣ ውሃ ብቻ ሳይሆን እንደ ጄሎ የረጋ ነገር ጉበቱ ላይ ተለጥፏል። ልቡን አውጥታ አሳየችኝ፣ ቀኝ ጎኑ ተለጥጦ ልፍስፍስ ብሏል። «ይሄ ፈንግልም አይደል፣ ሌላ ተላላፊም አይደል፣ ቦታው ነው» አለች። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ይሄ ዶሮ ደግሞ ስጋው ከልቡና ከሳንባው ቀድሞ እንዲያድግ ተደርጎ የተዳቀለ ስለሆነ ልብየው ደሙን ወደ ሳንባ ሲገፋ ሲገፋ ይደክማል፣ ውሃው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ብርድ ሲመታው የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል፣ እኔ ደግሞ ቤቱን ደፍኜ፣ በከሰል ጭስና በኩስ ሽታ ሞልቼ፣ ቀን ከሌት መኖ ከፊቱ ሳላነሳ ቀለብኩት። በሉ ፍረዱኝ።

ለዚህ ነው የማመሰግናት፣ መድኃኒት ልትሸጥልኝ ትችል ነበር፣ እኔም በዛ ሰዓት የጠየቀችኝን እከፍል ነበር። እሷ ግን ሆዳቸው ውሃ የቋጠረው አይድኑም፣ ገንዘብዎን አያውጡባቸው ብላ ፊት ለፊት ነገረችኝ። ፌስታሌን አገላብጣ አይታ ሁለቱን አንቲባዮቲክ ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ማሸጊያው ላይ ዶሮው ከመታረዱ በፊት ስንት ቀን መቆም እንዳለበት ተጽፏል፣ ያ ቀን ሳይሞላ ስጋው ለሰው አይሰጥም ብላ ቀኑን በስክሪብቶ አክብባ ግድግዳው ላይ ለጠፈችልኝ። እኔ እኮ ይሄን ጭራሽ አላውቅም ነበር፣ ለደንበኛ መድኃኒት ልሸጥ ነበር ማለት ነው።

የቀረው ስራ ነው። የመስኮቱን ከረጢት ከላይ በኩል ቀደደችው፣ ንፋስ በማይመጣበት ጎን፣ ከታች ያለውን ግን አልነካችውም፣ ብርዱ ዶሮው በተኛበት ቁመት እንዳይገባ አየሩ ደግሞ ከላይ እንዲወጣ። የረጠበውን ጉዝጓዝ አስጠርጋ ደረቅ ሰጋቱራ ወፈር አድርጋ አስነጠፈችኝ። ከሰል ክልክል። መብራት ሲጠፋ በ20 ሊትር ጄሪካን ፍል ውሃ ሞልታችሁ በጆንያ ጠቅልላችሁ መሃላቸው አስቀምጡ አለች፣ ከብበውት ሲተኙ ብታዩ አንጀት ይበላሉ። ከሁሉም የከበደኝ መኖውን ነው፣ ከማታ 2 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት መኖ አንስቼ ጨለማ ውስጥ እንዲያድሩ አደረገችኝ። ዶሮ እያስራብኩ እንዴት ይወፍርልኛል ብዬ ተከራክሬያታለሁ። «ቀስ ብሎ ይደግ፣ የሞተ ዶሮ ኪሎ የለውም» ነው መልሷ።

ክትባቱንም እሷው ደገመችልኝ። ለካ ላሶታውን፣ የፈንግሉን ክትባት፣ እኔ በቧንቧ ውሃ ነበር የበጠበጥኩት፣ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። እሷ የምንጭ ውሃ አስቀድታ፣ የወተት ዱቄት ጨምራበት፣ ዶሮዎቹን ለሁለት ሰዓት ውሃ አስከልክላ ከተጠሙ በኋላ ነው የሰጠችው።

ከሷ መምጣት በኋላ 3 ብቻ ሞቱ፣ እነሱም ቀድሞ ሆዳቸው የተነፋው ናቸው። 86 ለገና ደረሱ። በደህና ቦታ ከሚያድገው ትንሽ ቀለል ይላሉ፣ ቆመው ሲመዘኑ 1.9 ኪሎ አካባቢ ነው፣ መኖው 3 ኩንታል ተኩል ገደማ ፈጀ፣ እኔ ግን ረክቻለሁ።

የማረዱ ቀን ደግሞ ሌላ ሙያዋን አየሁ። ታህሳስ 28 ልናርድ በዋዜማው ማታ መኖ አስነስታ ውሃ ብቻ ተወች፣ አንጀታቸው ባዶ ይሁን ስትከፍቱት ስጋው ላይ እንዳይፈስ ብላ። ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ቂጡን ቆርጣ አንገቱን አስፍታ እንጨት ላይ አስቸነከረች፣ ዶሮው ጭንቅላቱን ወደታች ሆኖ ይገባበታል፣ አይንፈራገጥም ክንፉም አይሰበርም፣ ባለቤቴ በስመ አብ ብሎ ይባርካል። ከዛ ላባ። አክስቴ እንደ ሐበሻ ዶሮ የፈላ ውሃ ልታፈስበት ስትል ልጅቷ እጇን ያዘቻት፣ የዚህ ዶሮ ቆዳ ልጅ ነው ይላላጣል። ሁለት ጆግ የፈላ፣ አንድ ጆግ ቀዝቃዛ ትቀላቅላለች፣ ዶሮውን በእግሩ ይዛ እየነከረች እስከ 40 ትቆጥርና የክንፉን ረጅም ላባ ትስባለች፣ ሳይታገል ከወጣ በቃ። (ልኩ ለኛ አገር ነው፣ እዚህ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ በዚሁ ልክ እንዳትቀላቅሉ።) አክስቴ በመጀመሪያ አኩርፋ፣ ከአስረኛው ዶሮ በኋላ ራሷ ስትቆጥር ሰማኋት።

ሐሞቱን ሳታፈርጥ ጉበቱን ስታወጣ ጣቷ አይታይም። ከዛ ንጹህ በርሜል ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሁለቴ እየተቀየረ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ አንድ ቀን እንኳ ለኔ የሰራው ያን ለት ነው፣ በረዶ አልገዛሁም። ላባውና አንጀቱ ቀድሞ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አመድ ተነስንሶበት ተቀበረ፣ ውሻም ጅብም አላወጣውም።

ደንበኞቼን ደግሞ አንድ ነገር አስጠንቅቂያቸው ብላኝ ነበር፣ ይሄ ስጋ እንደ ሐበሻ ዶሮ ከሽንኩርቱ ጋር ሰዓታት አይቆይም፣ ይፈርሳል፣ ሽንኩርቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ ባይሆን ለጥብስና ለአሮስቶ ይሁን። ሁለት ሰው አልሰማኝም፣ 12 ብልቱ መረቅ ሆኖባቸው ደወሉልኝ።

ክፍያዋን ስጠይቃት የትራንስፖርቷንና የቀን ስራዋን ብቻ ነው የተቀበለችኝ፣ ጨምሬ ልሰጣት ብል አልወስድም ብላ ሁለት ዶሮ ነው ይዛ የሄደችው፣ ያውም ትንንሾቹን መርጣ።

ለፋሲካ የምታስቡ ካላችሁ ሁዳዴ 55 ቀን ስለሆነ ጾሙ ከገባ 10 ቀን ቆይታችሁ ጫጩት ካስገባችሁ ይደርሳል፣ እሷን ግን ጫጩቱ ከመምጣቱ በፊት ጥሯት፣ ቤቱን መጀመሪያ ትየው። ጫጫም አንኮበር መንገድም ትሄዳለች። ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉላት የዶሮዎቻችሁን እድሜ በቀን ቆጥራችሁ ያዙ፣ «ወር ምናምን ይሆናቸዋል» ያላትን ሰው ቆጥረህ ደውል ብላ ስልኩን ስትዘጋበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።