ጉልበቱን ለሚያመው ሰው የሚሆን ጂም፣ ደሴ ፒያሳ

ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ስላለ አንድ ጂም ልንገራችሁ። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ግን አያጣውም።

አስተማሪ ነኝ፣ ሃምሳ ልደፍን ትንሽ ነው የቀረኝ። ሰሌዳ ላይ መጻፍ ቀኝ ትከሻዬን ጎድቶታል። ጉልበቴን ያስቸገረው ደግሞ የከተማችን መንገድ ነው። የደሴ ዳገት ልብ ያስመታል፤ ጉልበት የሚፈታተነው ግን ቁልቁለቱ ነው። ራጅ ተነስቼ፣ ሐኪም አይቶኝ፣ "ጡንቻሽን አጠንክሪ" ተባልኩ። እንዴት እንደማጠነክር ግን የነገረኝ የለም። መጀመሪያ የገባሁበት ሌላ ጂም መልሱ ወይ "ቻዪው" ወይ "እረፊ" ነበር።

የዚህኛው አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ምንም ክብደት አላስነሳኝም። ወንበር ላይ አስቀመጠኝና "ቲቸር፣ እስቲ ሳይደገፉ ይነሱ። አሁን ቀስ ብለው ይቀመጡ። የት ሲደርሱ ነው የሚያምዎት?" አለኝ። የሚያመኝ ልቀመጥ ጥቂት ሲቀረኝ ነበር። ቤንቹ ላይ ወፋፍራም ምንጣፎች ደራረበና ከፍ አደረገው። ስኳቴ፣ ማለትም ቁጭ ብድጉ፣ እዚያ ድረስ ብቻ ሆነ፤ ነክቼ እነሳለሁ። ጉልበቴ ሲለምድ አንዱን ምንጣፍ አወጣው፣ ቆይቶ ሌላውን። ባር፣ ያንን ረጅሙን የክብደት ብረት፣ ጀርባዬ ላይ አድርጎልኝ አያውቅም። ባዶው ባር ራሱ 20 ኪሎ ነው፤ እሱን ለመያዝ ደግሞ ትከሻ ወደ ኋላ መጠምዘዝ አለበት። በምትኩ አንድ ደምበል፣ በእጅ የሚያዘውን አጭሩን ክብደት፣ ደረቴ ላይ አቅፌ እወርዳለሁ። ስወርድ እስከ አራት እቆጥራለሁ። እንዲህ በዝግታ ሲወረድ ቀላሉም ክብደት ይከብዳል፣ መገጣጠሚያው ግን አይንገጫገጭም።

ለትከሻዬ ያደረገው ደግሞ በጣም ነው የገረመኝ። ባር ከራስ በላይ መግፋቱን አስተወኝ። ወለል ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ መዳፎቼ እየተያዩ ደምበል እገፋለሁ። ክርኔ ወለሉን ሲነካ ይቆማል፣ ከዚያ በታች መውረድ አይችልም። ስለዚህ የትከሻዬ ፊት ከአቅሙ በላይ አይለጠጥም።

ህመምን ከ0 እስከ 10 በቁጥር እንድነግረው ነው የሚፈልገው። 3 እና ከዚያ በታች ከሆነ እንቀጥላለን። ከበለጠ መጀመሪያ የምወርድበትን ልክ ያሳጥራል፣ ካልሆነ ክብደቱን ይቀንሳል፣ ካልሆነ እንቅስቃሴውን ይቀይረዋል። የማግስቱንም ጠዋት ይጠይቀኛል። ጉልበቴ አብጦ ወይም ከወትሮው በላይ ተሳስሮ ካደረ ያለፈው ቀን በዝቷል ማለት ነው። አይጮህም። "አብሽሩ ቲቸር" ይላል እንደ ወሎ ልጅ፣ ይቀንስልኛል።

ምክንያቱንም አስረድቶኛል። የአጥንቶቻችንን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። እንደ ስፖንጅ ሲጫኑትና ሲለቁት ነው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ምግቡን የሚያገኘው። ጨርሶ ማረፍ የማይጠቅመው ለዚህ ነው። ጡንቻም በከባድ ክብደት ብቻ አይደለም የሚያድገው። 20 ጊዜ የሚነሳ ቀላል ክብደትም፣ መጨረሻዎቹ ላይ ካታገለ፣ ያሳድጋል። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ "እኔ ከባድ ማንሳት አልችልም" ብሎ ስፖርቱን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ያሳዝነኛል።

ጉልበቷ ያበጠና የሚያተኩስ አንዲት እናት ስትመጣ ደግሞ አላሰራትም፤ "መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት" ብሎ መለሳት። ገንዘብ ከማጣት ይልቅ ይህን መምረጡ እምነቴን ጨምሮታል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ደምበሎቹ ከ5 ኪሎ ወደ 10 ነው የሚዘሉት። ትከሻው ለሚያመው ሰው ይህ በአንዴ እጥፍ ነው። አሰልጣኙ ድግግሞሹን ከ12 ወደ 25 እያሳደገ ያካክሰዋል፣ ግን እስከ መቼ? ባለ 6፣ ባለ 7፣ ባለ 8 ኪሎ መግዛት ይህን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም። ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ እግር ከተሠራ በኋላ መውረድ ፈተና ነው። ጉልበት የሚያመውን ሰው የሚቀበል ቤት ይህን ማስተካከል ነበረበት። የሚሠራው ብስክሌትም አንድ ብቻ ስለሆነ ለማሟሟቅ ወረፋ አለ። ደሴ ጠዋት ብርዷ የታወቀ ነው። ሹራባችሁን ላብ እስኪመጣ አታውልቁ።

ህመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ብርድ ሲሆን ይሰማኛል። ግን ቁልቁለት ስወርድ ግድግዳ መያዝ ትቻለሁ። ሰሌዳውንም ከላይኛው መስመር ጀምሬ እጽፋለሁ። እህቴ ክርኗን ስለሚያማት ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ትመጣለች፤ ለእሷም አያያዙን ቀይሮላታል። ለግል ክትትል ተብሎ ሌላ ብር አልተጠየቅንም።

መሄድ ካሰባችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሂዱ። ከሰዓት ከ11 በኋላ ወጣቱ ስለሚሞላው አሰልጣኙ አጠገባችሁ የሚቆምበት ጊዜ አያገኝም። ሐኪም የጻፈላችሁ ወረቀት ካለም ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።