ጣና ላይ የተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች፦ ጀልባው፣ አስጎብኚው፣ ከሁሉም በላይ ግን የማታው ጨዋታ

እኔ በምኖርበት አገር በሸራ ጀልባ የሚጓዙ ሰዎች ብርዱ ሲገባ ጀልባቸውን ከውኃ ያወጡና ማታ ማታ ይሰበሰባሉ። አንዱ ይነሳና በጋውን የከረመበትን ባሕር ያወራል። ካርታ ይዘረጋል። የት መልሕቅ እንደጣለ፣ የት ነፋስ እንዳስቸገረው፣ የትኛው ወደብ ነዳጅ እንደሚገኝበት ይናገራል። ከዚያ ጥያቄው ይዥጎደጎዳል። ቀጥሎ እራት፣ ጨዋታ፣ ትውውቅ። ስለ ውኃ ከማውቀው ብዙውን ያገኘሁት ከእንዲህ ዓይነት ምሽቶች ነው።

ዘንድሮ ዘመድ ልጠይቅ አገር ቤት ስገባ ባሕር ዳር ጎራ አልኩ። ጣናን እንደ ጎብኚ ብቻ ሳይሆን እንደ ጀልባ ሰውም ማየት ፈልጌ ነበር። ለመሄድ ላሰባችሁ እንዲጠቅማችሁ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ማረፊያዬ ሐይቁ ዳር ያለ ሎጅ ነበር። ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹ ሰው አክባሪ ናቸው። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

የሎጁ ትልቁ ነገር የማታ ዝግጅቱ ነው። በማግስቱ ሐይቁ ላይ የሚወጡ እንግዶችን ግቢው ውስጥ ይሰበስባሉ። ቡና ይፈላል። ተናጋሪ አድርገው ያመጡት ደግሞ ባለሥልጣን ወይም ምሁር ሳይሆን ዕድሜያቸውን ጣና ላይ የጨረሱ አንድ ጀልባ ነጂ ነው። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ጋሼ ካርቶን ገልብጠው በከሰል ሐይቁን ሳሉት። ባሕር ዳርን ከታች፣ ጎርጎራን ከላይ፣ ደቅ ደሴትን መሀል ላይ። ከዚያ ከሰሉን እንደያዙ «ነገ በጊዜ ውጡ» አሉ።

ምክንያቱን ሲያስረዱ ነው ጆሮዬ የቆመው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ይዞ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱን ሳትጨርሰው ሌላው ይመጣል። ጠዋት ሐይቁ ዝም ይላል። ከቀትር በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳል። ስለዚህ ገዳማቱ ያሉበት ዘጌ ደርሶ መመለስ የፈለገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባው ውስጥ ይሁን። ደቅ ድረስ ለሚሄድ ደግሞ ይሄ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ስለ ድንጋዩም ነገሩን። የሐይቁ መጠን በየወሩ ይለያያል። ክረምቱ እንዳለቀ፣ መስከረም አካባቢ ይሞላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። ያኔ መስከረም ላይ በላዩ ያለፍክበት ድንጋይ ከውኃው አንድ ክንድ በታች ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ጋሼ ከሰሉን እየተጫኑ ቦታዎቹን በነጥብ አመለከቱ። እንዲህ ያለ ካርታ የትም ሱቅ አይሸጥም። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ፎቶ አነሳሁት።

ከእንግዶቹ አንዱ ስለ እምቦጭ ጠየቀ። አረሙ ጣና ላይ የታወቀው በፈረንጆቹ 2011 ነው፤ በብዛት የተንሰራፋውም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በኩል ነው። እኛ በሄድንበት በደቡቡ በኩል መንገድ አልዘጋብንም። ጋሼ ግን አረሙ የሞተሩን ሽክርክሪት ሲይዝ ምን እንደሚደረግ በእጃቸው አሳዩን። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋ፣ ከዚያ ወደ ላይ አንሳ፣ እጅህን ከዚያ በፊት አትስደድ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። አስተርጓሚው ለፈረንጆቹ ረዘም አድርጎ ሲያብራራ ጨዋታው ተቆራረጠ፣ እናቶችና ልጆች መሰልቸት ጀመሩ። በአማርኛ ይለቅና ትርጉሙ ከጎን ይሁን። ከውጭ አብረውን የመጡ ልጆቻችንም ቋንቋውን ከእንዲህ ዓይነት ሰው አፍ ቢሰሙት ምን ይጎዳል?

በማግስቱ ወደ ጀልባው። ነጂው ወጣት ነው፣ እጁ የተረጋጋ፣ ከሞገድ ጋር የማይጣላ። ሞተሩም ደህና ነበር። በነገራችን ላይ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ያው ሞተር ውቅያኖስ ዳር እንደሚጎትተው እዚህ አይጎትትም። ሰው ሲበዛበት ይታወቃል፤ ጭነት አታብዙ። ያልወደድኩት ላይፍ ጃኬቱን ነው። መቀመጫ ሥር ተጠቅጥቆ ነበር፣ የአንዳንዱ መቆለፊያ ተሰብሯል፣ የልጅ ልክ የሚሆን ጭራሽ የለም። ስንጠይቅ ነጂው ሄዶ ከሌላ ጀልባ አመጣልን። ምስጋና ይገባዋል። ግን ተሳፋሪ እስኪጠይቅ መጠበቅ የለበትም። እናንተም ሳትለብሱ አትነሱ። ዋጋም ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የጀልባው፣ የአስጎብኚው፣ የየገዳሙ መግቢያ ለየብቻ ነው።

አስጎብኚው ዘጌ ባለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ላይ ግሩም ነበር። የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል እየዞረ ሲተርክ ልጆቹ እንኳ ፀጥ አሉ። ውኃው ላይ ግን ዝም ነው። መንገዳችን ላይ በታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች አገኘን። አንዱ ጠጋ ሲል አየሁት፤ ደንገሉ በጥቅል በጥቅል ታስሮ ጫፉ ወደ ላይ ተቆልምሟል፣ ከመቀመጫው ሥር ውኃ ይመላለሳል፣ ሰውየው ግን ግድ የለውም። ደንገል ውስጡ አየር ስላለው ይንሳፈፋል፤ እየዋለ እያደረ ግን ውኃ ይጠጣል፣ ስለዚህ አውጥተው ያደርቁታል። ይህን የነገረኝ አስጎብኚው ሳይሆን ነጂው ነው። አስጎብኚዎች ይህን ቢጨምሩ ያምርባቸዋል።

ስንመለስ ማታ ሌላ ዝግጅት ነበር። ይኼኛው ንግግር የለውም፤ ዓሣ ይጠበሳል፣ የየጀልባው ሰው ተደባልቆ ይቀመጣል። ከደቅ የተመለሱ ባልና ሚስት አጠገባችን ነበሩ። ሚስትየው ከፍቷታል። ደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ ሄዳ ሴት እንደማይገባ የሰማችው ወደቡ ላይ ነው። እሷ ታች ስትጠብቅ ባሏ የነገሥታቱን፣ የእነ ዐፄ ፋሲልን አፅም አይቶ ወረደ። ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ ሴት አያስገባም። ናርጋ ሥላሴና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴቶችም ይገባሉ። ሥርዓቱን የምትቃወም ሴት አልነበረችም፤ «ቀድሞ ቢነገረኝ ሌላውን እመርጥ ነበር» ነው ያለችው። እውነቷን ነው። ገንዘብ ከመቀበል በፊት መነገር ያለበት ነገር ነው። እዚያው ማዕድ ላይ የነበሩ ሦስት ሴቶች ወዲያው የማግስቱን ጉዟቸውን ወደ ናርጋ ቀየሩ። እንዲህ ያለ ምሽት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከዚያ በፊት ያረፍንበት ሆቴልም «የእንግዶች ምሽት» ብሎ ጠርቶን ነበር። ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበጥሳል፤ ከጎኔ ከተቀመጠው ሰው ጋር ስም እንኳ ሳንለዋወጥ ተለያየን። ዘፈን እወዳለሁ። ግን ለጨዋታ ሰዓት ይተውለት።

ለሎጁ ሰዎች ስወጣ የነገርኳቸውን እዚህም ልድገመው። ምሽቱን በቋሚ ቀን አድርጉት፣ ሌላ ቦታ ያረፈ ሰውም እንዲመጣ በር ላይ ለጥፉ። ዓሣ አጥማጅና ታንኳ ሠሪም በተራ ይናገሩ። ለጋሼ ደግሞ እንደ አስጎብኚ ይከፈላቸው። ያን ምሽት የተሰጣቸው ቡናና ምስጋና ብቻ ነበር፤ እኛ እንግዶቹ አዋጥተን ሰጠናቸው እንጂ።