ባለ ሞላ የአይጥ ወጥመድ፦ የእንጨቱ፣ የፕላስቲኩና ሌሎቹ ሲመዘኑ

በገጠር ቤትና ጎተራ አካባቢ አይጥን ለመቀነስ ከሚሸጡት ዕቃዎች ሁሉ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ባለ ሞላ ወጥመድ ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ መርዝ የለበትም፣ የተያዘችው አይጥ በዓይን ትታያለች፣ ታጥቦም እንደገና ይጠመዳል። ዊልያም ሁከር የተባለ አሜሪካዊ እንደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር በ1894 የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ወዲህ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም፤ ጣውላ፣ ሞላ፣ መቺ ሽቦ፣ መቺውን ወጥሮ የሚይዝ መያዣ ዘንግና ማባበያ የሚደረግበት መርገጫ ናቸው። «ገዝቼው አልሠራም» የሚባለው በአብዛኛው መጠኑ ስለተሳሳተ ወይም ቦታው ስላልሆነ ነው።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ያለችው የትኛዋ እንደሆነች ይታወቅ። የትንሿ የቤት አይጥ ዓይነ ምድር ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ የሾለ ነው። የትልቋ፣ የአይጠ መጎጥ፣ ከ12 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ትንሿ ብዙውን ጊዜ ከ30 ግራም አትበልጥም፤ ትልቋ ግማሽ ኪሎ ልትደርስ ትችላለች። ለትንሿ የሚሆነው ወጥመድ 10 በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ለትልቋ 18 በ8 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ትልቋ በትንሹ ወጥመድ ከተመታች ቆስላ ታመልጣለች፤ ከዚያ በኋላ ወጥመድ የሚባል ነገር አትቀርብም። ትንሿ ደግሞ በትልቁ ወጥመድ ላይ ክብደቷ መርገጫውን ስለማያንቀሳቅሰው ማባበያውን ልሳ በሰላም ትሄዳለች።

የእንጨቱ ወጥመድ ትልቁ ጥንካሬው የሞላው ኃይል ነው። ደካማ ጎኑ እርጥበት ነው፤ ጣውላው ሲያብጥ ይጣመማል፣ ሞላውን የያዙት ምስማሮች ይላላሉ፣ መቺውም አንድ ወገን ብቻ ያርፋል። ሲገዛ ሁለት ነገር ይፈተሽ። መቺው ሲያርፍ በሁለቱም በኩል እኩል ጣውላውን ይንካ። ከተጠመደ በኋላ ደግሞ መርገጫው በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብሎ ሲነካ ወዲያው መስፈንጠር አለበት፤ ካልተስፈነጠረ መያዣ ዘንጉ መርገጫው ሥር ጠልቆ ገብቷልና ጫፉ ብቻ እንዲይዝ ይስተካከል። ትንሽ የብረት መርገጫ ካለው ይልቅ ሰፊ የፕላስቲክ መርገጫ ያለው ይመረጣል፤ አይጧ ማባበያውን ባትነካ እንኳ ስትረግጠው ይመታታል። ማባበያው የሚደረገው ከመጠመዱ በፊት ነው፣ ጣትም ከመቺው በስተኋላ ይሁን። የትልቁ ወጥመድ ሞላ የሰው ጣት ክፉኛ ይጎዳል።

ባለ መንጋጋው የፕላስቲክ ወጥመድ ለትንሿ አይጥ ከእንጨቱ ይሻላል። በአንድ እጅ ተጨምቆ ይጠመዳል፣ የሞተችውን ሳይነኩ መጣል ይቻላል፣ ውሃ አይጎዳውም። ሆኖም ፀሐይ ላይ ከከረመ ፕላስቲኩ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ለጎተራ ውስጥ እንጂ ለውጭ አይሆንም። ለትልቋ የተሠራው የፕላስቲክ ዓይነት ደግሞ ጥራቱ በጣም የተለያየ ስለሆነ መንጋጋው በእጅ ሲከፈት ጠንከር ብሎ የማይታገል ከሆነ ባይገዛ ይሻላል።

አቀማመጡ ከወጥመዱ ዓይነት ይበልጣል። አይጥ ጢሟን ግድግዳ እያስነካች ነው የምትሮጠው፤ ስለዚህ ወጥመዱ ግድግዳውን በጎን ሳይሆን በመርገጫው በኩል ነክቶ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይዘርጋ። ትንሿ አይጥ ከጎጆዋ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሜትር በላይ አትርቅም፤ በክፍሉ መካከል የተቀመጠ አንድ ወጥመድ አታገኘውም። በየ2 ወይም በየ3 ሜትሩ ጥንድ ጥንድ ማድረግ ነው። ብዙ ወጥመድ ለጥቂት ሌሊት መጥመድ አንዱን ወር ሙሉ ከማቆየት የበለጠ ይይዛል። አይጠ መጎጥ ግን አዲስ ነገር ትጠራጠራለች። ለእርሷ ወጥመዶቹ ሳይጠመዱ፣ ማባበያ ብቻ ይዘው ለጥቂት ቀናት ይቀመጡ፤ መብላት ስትጀምር ሁሉም በአንድ ምሽት ይጠመዱ። ይዛው እንዳትሄድም በሽቦ ይታሰር።

ማባበያው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፤ የለውዝ ቅቤ ከሆነ መርገጫው ላይ ተጭኖ ይለጠፍ። ሲበዛ ከዳር እየላሰች ትጨርሰዋለች። እህል በሞላበት ጎተራ የምግብ ማባበያ ብዙም አይስባትም፤ እዚያ ለጎጆ መሥሪያ የምትሻውን ጥጥ ወይም ክር መርገጫው ላይ አጥብቆ ማሰር ይሻላል። ክሩን ስትጎትት ወጥመዱ ይስፈነጠራል። ዶሮ፣ ድመት ወይም ሕፃን በሚደርስበት ቦታ ወጥመዱ ሁለት ጫፉ ክፍት በሆነ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ይግባ።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። ማጣበቂያው ይይዛል፣ ግን እንስሳዋን ለረጅም ሰዓት ያሠቃያል፤ አቧራ ሲነካው ይከሽፋል፣ ጫጩትና እንሽላሊትም ይይዛል፤ አይመከርም። የድምፅ ማባረሪያው ድምፁ ግድግዳና ዕቃ አያልፍም፣ አይጦቹም ይለምዱታል፤ ገንዘብ ማባከን ነው። ከነሕይወቷ የሚይዘው የሽቦ ሣጥን ጠዋትና ማታ የሚያየው ሰው ካለ ጥሩ ነው።

መርዝ ላይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ብሮማዲዮሎንና ብሮዲፋኩም የሚባሉት የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ እያደረጉ ከቀናት በኋላ ነው የሚገድሉት፤ አይጧ ኮርኒስ ወይም ግድግዳ ውስጥ ትሞትና ትሸታለች፣ የበላት ድመት፣ ውሻ ወይም ጉጉትም ሊመረዝ ይችላል። እንስሳው ሳይደማ ቶሎ የእንስሳት ሐኪም ጋ ከደረሰ በቪታሚን ኬ1 ይታከማል። ዚንክ ፎስፋይድ ደግሞ ሆድ ውስጥ ገብቶ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። የንጥረ ነገሩ ስም ያልተጻፈበት የመርዝ ከረጢት በምንም ምክንያት ቤት አይግባ።

የተያዘችውን ሲያነሱ ጓንት ይደረግ። ዓይነ ምድር ያለበት ቦታ በደረቁ አይጠረግም፤ አቧራው ሃንታቫይረስን ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ሽንቷም ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። በርና መስኮት ለ30 ደቂቃ ይከፈት፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይረጭበት፣ 5 ደቂቃ ቆይቶ ይወልወል። ወጥመዱም በዚሁ ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፤ በረኪናው ሞላውን ያዝገዋል። ሲደርቅ ሞላው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃዋል።

ወጥመዱ ሳምንት ሙሉ እየያዘ የአይጥ ቁጥር ካልቀነሰ ችግሩ ቀዳዳው ነው። እርሳስ የሚያሾልክ ሽንቁር ለትንሿ ይበቃታል፣ ለትልቋም 12 ሚሊ ሜትር ገደማ። የትንሿ እርግዝና 20 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ የተያዙት ወዲያው ይተካሉ። ቀዳዳው በዕቃ መፈግፈጊያ ሽቦ ተጠቅጥቆ በሲሚንቶ ይደፈን፤ ጨርቅ፣ እንጨትና የሚያብጥ ፎም ትቆረጥማቸዋለች። የአየር ማስገቢያውም ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ወንፊት ሽቦ ይሸፈን።