ለልጄ አንደበቷን ለመለሱላት መምህር

ይህን የምጽፈው ጅማ ውስጥ ልጅ ለምታሳድጉ ሁሉ ነው። በተለይ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ዝም የምትልባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። እስካሁን ሁለት ትምህርት ቤት አስቀይሬያታለሁ፤ ስማቸውን አላነሳም። በአንደኛው የክፍሉ ልጆች ደረጃ ከላይ እስከ ታች ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ልጄ 41ኛ ወጣች፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ያንን አነበበ። በሁለተኛው ማስታወሻ ያስገለብጣሉ፣ ያንኑ ቃል በቃል በፈተና መልሰው ይቀበላሉ። «ለምን?» ብላ ስትጠይቅ «አታስቸግሪ፣ ተቀመጪ» ተባለች። ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ እጇን አላወጣችም። ለዚህ ነው ከልጆቼ አፍ ቀንሼ የከፈልኩት! አስጠኚ ቀጠርኩላት፣ ተቆጣኋት፣ ለመንኳት። አንድ ምሽት ቡና ስለቅም አጠገቤ ተቀምጣ «እማዬ፣ እኔ እኮ ደደብ ነኝ» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በከተማችን ባለው የካቶሊክ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ጠዋት የጥንቱን ትምህርት የሚያስተምሩ አዛውንት መምህር እንዳሉ የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ሰዋስው፣ አመክንዮ፣ የንግግር ጥበብ፣ በዚያ ላይ ላቲን። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ፈራሁ፣ ፍርሃቴንም ነገርኳቸው። «እኔ የማስተምራት ማሰብን ነው፤ ሃይማኖቷን የምታስተምሯት እናንተ ናችሁ» አሉኝ። ከቃላቸው ዝንፍ አላሉም። በረመዳን እርሷ ባለችበት ውኃ እንኳ አልጠጡም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ዝናብ ይዞኝ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። መምህሩ ልጄ ስለ ራሷ ያለችውን ሰምተው ኖሮ ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ «41ኛ የሚወጣ ሁሉ ደደብ ነው። እኔ 41ኛ ወጣሁ። ስለዚህ እኔ ደደብ ነኝ።» ከዚያ «ሦስተኛው ከሁለቱ በትክክል ይከተላል። ስሕተት ካለ ከላይ ነው፤ ፈልጊው» ብለዋት ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አላጣደፏትም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ልጄ ጠመኔ ይዛ ቆማለች። በመጨረሻ «ሁለተኛው እውነት ነው» አለች። ቆይታም «የመጀመሪያውን ግን ማን አለው?» መምህሩ ዝም። በመዳፏ የመጀመሪያውን መስመር አጠፋችው፤ ዞር ብላም ሦስተኛውን። «ይሄም የሚቆምበት የለውም» አለች። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

አያቴ ነህው፣ የዐረብኛውን ሰዋስው፣ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ መንጢቅ የሚሉትን አመክንዮም ያነሡ ነበር። ቃል በቦታው ካልተቀመጠ ሐሳብ አይቀናም ይሉን ነበር። በካቶሊክ ግቢ ውስጥ የአያቴን ትምህርት አገኛለሁ ብዬ መቼ አሰብኩ? መምህሩ እንደነገሩኝ ሰዋስው፣ አመክንዮና የንግግር ጥበብ በላቲን «ትሪቪየም» ይባላሉ፤ ሦስት መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ማለት ነው።

«ላቲን ለጅማ ልጅ ምን ይሠራል?» የሚሉኝ አሉ፤ እኔም ጠይቄያለሁ። አፋን ኦሮሞ የምትጽፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ ልጄ ከፊደሉ ጋር ትውውቅ ነበራት። መምህሩ ደግሞ ጉልየልሞ ማሳያ ስለሚባሉ ሰው አጫወቷት። ወደ ኦሮሞ አገርና ወደ ከፋ የመጡት እኚህ ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር የሆኑ ጳጳስ የአማርኛንና የኦሮሞኛን ሰዋስው በላቲን ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1867 ፓሪስ ላይ አሳትመዋል። ልጄ ይህን ስትሰማ «የእኛን ቋንቋ በላቲን? ታዲያ ማንበብ አለብኝ!» አለች። የስሞቹን መጨረሻ እየለዋወጠች ስታጠና እሰማታለሁ፤ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ድምፅዋን ግን አውቀዋለሁ። ለሁለት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው።

አሁን እራት ላይ አጎቷን «ምክንያትህ ምንድን ነው?» ትለዋለች፤ መልሱንም እስኪጨርስ ታዳምጠዋለች። ደረጃዋ ስንት ሆነ ለምትሉኝ፣ አልጠየቅኋትም።

ወላጆች፣ ሂዱ። አንድ ቅዳሜ ብቻ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱና በረንዳው ላይ ቁሙ። የእኛን እምነት የማትከተሉም የምትከተሉም፣ ጎበዝ ልጅ ያላችሁም ተስፋ የቆረጣችሁም ሂዱ። ቦታ ሳይሞላ ሂዱ።

መምህር፣ ልጄ «በላቲን አመሰግናለሁ እንዴት እንደሚባል አውቃለሁ፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ» ስላለችኝ እርሱን ለእርሷ ትቼዋለሁ። እኔ በምችለው ልበልዎ፦ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።